ከአየር ጤና ወዲያ ያለው የእትዬ ማረፊያ፦ ለእናቶች ጤና ሥራ የምትመጣ እንግዳ የት ትረፍ?

የምግብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል። አንደኛው የእኛን ይቆጥራል፣ ሌላው የፈረንጁን። ከሥራቸው ባለ ቁራጭ ካርቶን ላይ በስክሪብቶ «ስድስት ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ስለዚህ ማረፊያ ቤት አንድ ነገር ብቻ ጻፊ ብባል የምጽፈው ስለ እነዚህ ሁለት ሰዓቶች ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቤቱን ላሳያችሁ።

አዋላጅ ነኝ። በጅማ መንገድ በኩል፣ ከአዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ 11 ዓመት ሞላኝ። ጤና ጣቢያችን አልፎ አልፎ ከውጭ የሚመጡ አዋላጆችንና የማህፀን ሐኪሞችን ለአንድ ለሁለት ወር ይቀበላል። ከቦሌ መቀበሉ፣ ማረፊያ መፈለጉ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብሮ መዋሉ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። በዚህ ቤት እንግዳ ይዤ ሳርፍ የአሁኑ ሦስተኛዬ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እኔም እዚያው አድሬያለሁ። እንደ እኔ እንግዳ የመቀበል ኃላፊነት ያለባችሁ ባልደረቦች ስለምትጠይቁኝ ነው በዝርዝር የምጽፈው።

ከአየር ጤና ወደ ዓለም ገና የሚሄደውን ሚኒባስ ይዛችሁ ወለቴን አልፋችሁ ትወርዳላችሁ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በኮብልስቶን መንገድ አምስት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው፤ ሻንጣ ካለ ባጃጅ አይጠፋም። ግራጫ የብረት በር ነው፣ ምልክት የለውም። ባለቤቷ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኔም አልጽፍም። ሰፈር ውስጥ ገብታችሁ «የእትዬ እንግዳ ቤት» ካላችሁ ሕፃን ልጅም ያደርሳችኋል። አምስት ክፍል ነው ያለው። ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ሌሊት 2,200 ብር ከፍለናል፤ ለወር ሲሆን ይቀንሳሉ።

የዘንድሮዋ እንግዳዬ አውስትራሊያዊት አዋላጅ ናት፤ ከአገሯ ገጠር፣ ከትንሽ ከተማ ሆስፒታል የመጣች። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ነው አውሮፕላኗ ያረፈው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ስላደረ ቀለበት መንገዱ ላይ ውሃ ቆሟል። መኪና ውስጥ ብዙም አላወራችም፤ መስኮቱን በእጇ እየጠረገች መንገድ ዳር ነጠላቸውን ተከናንበው የሚሄዱትን ሴቶች ታያለች። ከበሩ ስንደርስ እትዬ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ከጓሮው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ይመጣል፤ ምጣድ ተጥዶ ነበር። እንግዳዬ ሻንጣዋን ጭቃው ላይ አስቀምጣ ቆመች። ዓይኗን ጨፍና «የቤታችን ሽታ ነው» አለችኝ።

ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከእሷ አገር የመጣ ዛፍ መሆኑን፣ ስሙም ያንኑ እንደሚናገር ነገርኳት። እኔ ግን የማስበው ሌላ ሰው ነበር። የማህፀን ሐኪሟ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንም አውስትራሊያዊት ነበሩ። በ1959 እ.ኤ.አ. ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድና ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የ3 ዓመት ነበር፤ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነበር የመጡት። ኖረው ኖረው መጋቢት 2012 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ። ከእትዬ ቤት የሚያልፈው የጅማ መንገድ ለፊስቱላ ታካሚዎች ወደተሠራው ደስታ መንደር የሚወስደውም ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም እዚያ ነው። እዚያ የተማሩ ልጆች አብረውኝ ሠርተዋል። ስለዚህ አንዲት አዋላጅ ከባሕር ማዶ መጥታ እዚህ መንገድ ላይ ስትቆም ለእኔ ተራ እንግዳ አይደለችም።

እትዬ ግን ወሬያችንን አላስጨረሱንም። «ግቡ፣ ይበርዳችኋል» ብለው አስገቡን። እንግዳዬ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ ፎቁን ልትወጣ ስትል ደረጃው መሃል ሁለት ጊዜ ቆመች፤ ትንፋሿ ቆራረጠ። እኛ የለመድነው ከፍታ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑን እንረሳዋለን። እትዬ አልረሱትም። ሻንጣውን ከእጇ ተቀብለው ለልጃቸው ሰጡና ታችኛው ቤት፣ ጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ከፈቱላት። የፈላ ውሃ በቴርሞስ አስቀመጡ። «ዛሬ ሥራ የለም። ዛሬ ውሃና እንቅልፍ ነው» አሉ። በዚያው ቀን ከሰዓት ጤና ጣቢያ ላስጎበኛት ያሰብኩት እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው ናቸው ትክክል።

ስለ ክፍሎቹ እውነቱን ልንገራችሁ። ንጹሕ ናቸው፤ አንሶላው በፀሐይ የደረቀ ሲሆን ደስ ይላል፣ በክረምት ግን አይደርቅም። ፎቅ ላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች አስፋልቱን ስለሚያዩ ሲኖትራክ ሌሊቱን ሙሉ ያልፍባቸዋል፤ የሌሊት ተረኛ ሆና ቀን የምትተኛ ሴት እዚያ አትተኛም። የጓሮዎቹን ጠይቁ፣ 3ንና 4ን። ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፤ የስልክ ዳታ ይሻላል። ሙቅ ውሃ መብራት ሲኖር ብቻ ነው። ጀነሬተር የለም፤ የፀሐይ መብራት አምፖል አለ፣ ደረጃው ላይ ግን የለም። አንድ ሰው ከመውደቁ በፊት ቢያስገቡ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

ያስከፋኝ ግን ውሃው ነው። በሁለተኛው ሳምንት የቧንቧው ውሃ ሁለት ቀን ጠፋ፤ ሮቶውም ባዶ ነበር። ፈረቃው የታወቀ ነው፣ ሮቶው ባዶ መሆኑም ታይቷል፤ አስቀድሞ የነገረን ግን የለም። እንግዳዬ ከሥራ ደክማ መጥታ በሁለት ጀሪካን ውሃ ታጠበች። ደም ነክታ ለምትመጣ አዋላጅ ውሃ ቅንጦት አይደለም። ለእትዬ ይህንኑ ስነግራቸው አልተከራከሩም፤ በማግስቱ ሁለተኛ ሮቶ ሊያስመጡ ዋጋ ሲጠይቁ ሰማሁ። እስክጽፍ ድረስ ግን አልመጣም። ለዚህ ነው ከአምስት አራት የምሰጠው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሌላ የትም ያላየሁት። ከጓሮው ቧንቧ ሥር ክዳን ያለው ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጧል፤ ማንም ለሌላ ነገር አይነካውም። ውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ አጠገቡ በረኪና፣ ጓንትና የቆየ ብሩሽ። የአዋላጅ ጋዋን ነው የሚነከርበት። ደም በሙቅ ውሃ ከታጠበ ጨርቁ ውስጥ እንደሚቀር፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ብቻ መዘፍዘፍ እንዳለበት እትዬ ለማንም አያስረዱም፤ ባልዲውን ብቻ ያሳያሉ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት 26 ዓመት ጤና ረዳት ነበሩ፤ አብዛኛውን ማዋለጃ ክፍል ውስጥ። ይህን ያወቅሁት ከባልዲው ነው። ጠየቅኳቸው፤ ያኔ ነገሩኝ።

ቁርሱ ቂንጬ፣ ጨጨብሳ ወይም ፍርፍር ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም። እንግዳ እንቁላል ከፈለገች የተለየ መጥበሻ አላቸው። ስለ ምግቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ጥሩ የቤት ምግብ ነው።

ቡናው ግን ሌላ ነው። ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ የጎረቤት ሴቶች ይመጣሉ፣ አቦል ቶና በረካ እስኪያልቅ ማንም አይነሳም። እትዬ ትምህርታቸውን የሚሰጡት እዚህ ነው። ክፍያ አይጠይቁበትም፤ ትምህርት ነው ብለውም አይጠሩትም።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት እንዲህ ነበር። እትዬ ከበርጩማቸው ተነሡ፣ ቄጠማው ላይ ተንበረከኩ፣ የወንበሩን እግር ጨብጠው «ወይኔ ማርያም!» ብለው ጮኹ። እንግዳዬ ደንግጣ ስኒዋን አስቀመጠች። «እኔ ምጥ ላይ ነኝ። ምን ትይኛለሽ?» አሏት። እንግዳዬ አውሮፕላን ውስጥ የተማረችውን «አይዞህ» አለች። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እትዬ ሳይነሡ «እኔ ወንድ ነኝ እንዴ? ሽ! አይዞሽ» አሉ። «አይዞሽ።» «ጎሽ የኔ ልጅ። አሁን ደግሞ ጭንቅላቱ እየመጣ ነው። ምን ትይኛለሽ?»

እንግዳዬ ማስታወሻዋን ገልጣ «ግፊ» አለች።

እትዬ እጃቸውን አነሡ። ለተማሪዎቼ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድብኝን ነገር በአንድ ደቂቃ ጨረሱት። ጭንቅላቱ ሙሉ በሙሉ ብቅ ሊል ሲል እናትየው ከገፋች ትቀደዳለች፤ ያኔ የምንላት «አትግፊ፣ በአፍሽ ተንፍሺ» ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው «አት» ብቻ ናት። ጩኸት ባለበት ክፍል፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት ጆሮ ውስጥ፣ ከባዕድ አፍ ስትወጣ «አት» ትጠፋለች። ስለዚህ እትዬ አንድ ዘዴ አላቸው። «አት» ስትል እጇን ከፍታ መዳፏን እንድታሳይ፣ «ግፊ» ስትል ጨብጣ እንድታወርድ አደረጓት። ሃያ ጊዜ ደጋገሙት። እትዬ ይጮኻሉ፣ እንግዳዬ ትላለች፣ እትዬ እንደተባሉት ያደርጋሉ። ቡናው ቀዘቀዘ። በእኛ አካባቢ ብዙ እናቶች አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ «ጀባዹ»ም አስተማሯት፤ በርቺ ማለት ነው።

በዚያው ምሽት የቤቱን ሥራ የምታግዘውን ልጅ እንግዳዬ ሻይ አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ እንደ እኛ ወግ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እ!» አለች። እንግዳዬ ብድግ ብላ ደረቷን ታሳያት ጀመር፤ አመማት ብላ ነው። ይህ የእኛ አዎንታ መሆኑን ማን ይነግራታል? ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጥያቄ ሁሉ በዚህ ይመለሳል። ሕመም አለሽ? እ! ደም አይተሻል? እ! የሚያዳምጠው ሰው ካላወቀው መልሱን ሳይሰማ ያልፋል።

ከጎረቤቶቹ አንዷ የስድስት ልጆች እናት ናቸው፤ አራቱን ቤታቸው ወልደዋል። እንግዳዬ በእኔ አስተርጓሚነት ለምን ጤና ጣቢያ አልመጡም ብላ ጠየቀቻቸው። ትምህርት ማጣት፣ ገንዘብ ማጣት የሚል መልስ የጠበቀች ይመስለኛል። ሴትዮዋ ስኒውን እያሽከረከሩ ቆዩና «ተንበርክኬ ነው የምወልደው። እዚያ በጀርባሽ ተኚ አሉኝ፤ በሩም ክፍት ነበር» አሉ። ያ «እዚያ» የትኛው ቤት እንደነበር አልጠየቅኳቸውም፤ የእኛም ሊሆን ይችላል። እንግዳዬ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን ከዕቃ ቤት ፍራሽ አስወጥታ ወለል ላይ አነጠፈች፣ በሩ ላይም መጋረጃ ሰቀለች። መጋረጃው ዛሬም አለ። እኛ 11 ዓመት ሙሉ መጋረጃ መስቀል አቅቶን አልነበረም።

ሌላም ተምራለች፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። አራስ ልጅ አይቶ «እንዴት ያምራል» ማለት ዓይን ይሆናል ተብሎ ስለሚፈራ «ያሳድግልሽ» እንድትል። «ማርያም ማረችሽ» ክርስቲያኗን፣ «በሰላም ተገላገልሽ» ሁሉንም ደስ እንደሚያሰኝ። የመጨረሻውን የወር አበባ ቀን ስትጠይቅ «ከሚካኤል ማግስት» ወይም «ረመዳን ሲገባ» ሊሏት እንደሚችሉ። ይህን ለማስላት እትዬ የሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ ካላንደር ሰጥተዋታል፤ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም ተከብበውበታል።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዓቶች።

ከአራት ዓመት በፊት ሌላ እንግዳ ተቀብዬ ነበር፤ የማህፀን ሐኪም። ያኔ ይህን ቤት አላውቅም፤ መሀል ከተማ አንድ ሆቴል አሳረፍኳት። አልጋው ጥሩ፣ ቁርሱ ጥሩ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ጀመረች። ጠዋት የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ልጅ ገባች። ምጡ መቼ ጀመረሽ ስትባል «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» አለች። ያስተረጎመው ተለማማጅ «8 ሰዓት» ብሎ ብቻ አለፈ። ሐኪሟም በራሷ ሰዓት ጠዋት 8 ብላ ጻፈች። የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግን በፈረንጁ ሌሊት 2 ነው። ቀን 6 ሰዓት ላይ ተረኛ ሆኜ ስገባ ወረቀቱ ልጅቷ 4 ሰዓት እንዳማጠች ይላል። ልጅቷን ሳያት ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ጠልቋል። እናቷን «እማማ፣ መቼ ነው የጀመራት?» አልኳቸው። «ዶሮ ሳይጮህ» አሉኝ። 10 ሰዓት ሙሉ አምጣለች፤ ጭንቅላቱ ግን አልወረደም።

አምቡላንስ ጠራን። ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ወለደች፤ እሷም ልጇም ደኅና ናቸው። ያን ቀን ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ አለቀሰች። ጎበዝ ሐኪም ነበረች፤ የነገራት ሰው ግን አልነበረም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከሙያው ውጭ ላላችሁ፣ ስድስት ሰዓት ለምን እንዲህ ይከብዳል ትሉ ይሆናል። የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቆይ በጭንቅላቱና በአጥንቱ መካከል የተጨመቀው ሥጋ ደም አያገኝም። ብዙ ከቆየ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ ቀዳዳ ይሆንና ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፊስቱላ የምንለው ይህ ነው። ሐምሊኖች እዚህ አገር እንዲቀሩ ያደረጋቸው ይኸው ሕመም ነው፤ መነሻውም ማንም በጊዜ ያልደረሰለት የተራዘመ ምጥ ነው። ፓርቶግራፍ የሚባለው፣ የምጡን ሂደት በየሰዓቱ የምንመዘግብበት ወረቀታችን በሙሉ የተሠራው ሰዓት እንዳይሰረቅ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ከተሳሳተ ከሥሩ ያለው መስመር ሁሉ አብሮ ይሳሳታል።

ይህን ታሪክ ለእትዬ የነገርኳቸው የመጀመሪያ እንግዳዬን እሳቸው ጋ ባሳረፍኩ ጊዜ ነው። ምንም አላሉኝም። በማግስቱ ቁርስ ስንወርድ ከአንዱ ሰዓት ጎን ሁለተኛው ተሰቅሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆኗል፤ ማዕድ ላይ የምትቀመጥ እንግዳ ሁለቱንም ሰዓት ጮክ ብላ ሳትናገር እንጀራ አይቀርብላትም። «ስንት ሰዓት ነው ልጄ?» «ጠዋት 1 ሰዓት፣ በእኛ 7።» «ብዪ።» በሦስተኛው ቀን እንግዳዬ ሳትጠየቅ ትናገር ጀመር። ጤና ጣቢያም ምጥ የጀመረበትን ሰዓት ስትመዘግብ ሁለቱንም ትጽፋለች፣ አጠገቡም «ሌሊት» ወይም «ቀን» ብላ በአማርኛ ፊደል። ፊደሏ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይመስላል፤ ይነበባል ግን።

የመጀመሪያዋን የሌሊት ተረኝነት የሠራችው በስድስተኛው ቀን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አብረን ስንመለስ ያካፋ ነበር። እትዬ በሩ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ የባልዲው ክዳን ተከፍቷል። እንግዳዬ ጋዋኗን አውልቃ ራሷ ነከረችው። እትዬ ወንድ ነው ሴት አላሉም። «ተቀደደች?» ነው ያሉት። እንግዳዬ መዳፏን ከፍታ አሳየቻቸው። «አትግፊ አልኳት። አልገፋችም» አለች፣ በአማርኛ። እትዬ እልል አሉ። የጎረቤት በር ተከፈተ፣ እዚያም እልል ተባለ፤ ማን እንደወለደች ያወቀ የለም።

ለማን እንደማይሆንም ልናገር። ብቻዋን መሆን የምትፈልግ፣ ከሥራ ገብታ በሯን ዘግታ መቀመጥ የምትመርጥ ሴት እዚህ ይከብዳታል። ቡና ላይ ካልወጣች ይጠሯታል፤ ካመማት ሦስት ሴት በሯ ላይ ይቆማል። ወንድ ሐኪሞችንም እትዬ አያሳርፉም፤ ሌላ ቤት ይጠቁማሉ። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ነው። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት መጥታችሁ ወይም ሰው ልካችሁ ተነጋገሩ፤ ስልክ ብዙ አያነሡም። ስለ ውሃውም ያኔውኑ ጠይቁ፤ ሁለተኛው ሮቶ መምጣቱን በዓይናችሁ እዩ።

በመስከረም አንዲት አዋላጅ ትመጣለች፤ ክፍል 4ን ይዤላታለሁ። ትናንት ሂሳብ ልዘጋ ስሄድ የፈረንጁ ሰዓት 3 ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ባትሪው አልቋል። እትዬ ልጃቸውን ሱቅ ላኩት። ሁለት ባትሪ ነው ያዘዙት፤ የእኛውም ሳያልቅ ይቀየር ብለው።